የራስጌው ሽቦ

ደሳለ ለአውሮፕላኑ የራስጌ ሽቦ ማሳለፊያ መንገድ ካጣ ሰንብቷል። አውሮፕላኑ ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ በተሠራው በአሸናፊ ሆቴል የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነበር የቆመው። ወንበሮቹ ግድግዳውን ተጠግተው ተደራርበዋል፤ መሀሉን እሱ ይዞታል። አራት ሰው የሚይዝ፣ አካሉ ነጭ ፋይበር ግላስ፣ ገና ቀለም ያልነካው፤ ክንፎቹ ከጎኑ ፍራሽ ላይ ተጋድመዋል። ዳሽቦርዱ አልቋል። የክንፎቹ መብራት አልቋል። የቀረው የራስጌው ሰሌዳ ነው፤ አብራሪው ቀና ብሎ እጁን ሰደድ ሲያደርግ የሚያገኛቸው ማብሪያ ማጥፊያዎች ጣሪያው ላይ የሚደረደሩበት። የጋቢናው መብራት፣ የማረፊያው መብራት፣ የነዳጅ ፓምፑ ሁሉ ከዚያ ነው የሚታዘዘው።

ችግሩ ሽቦው ከታች ከባትሪው ተነስቶ ጣሪያው የሚደርስበት መንገድ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። በፊት መስታወቱና በበሩ መካከል ያለችው ምሰሶ ከውስጧ ባዶ ናት፤ ግን አውራ ጣት አታስገባም፤ መሀል ላይ ደግሞ ወደ ኋላ ትጎብጣለች። ደሳለ ጠንካራ ሽቦ ሰደደባት፤ ጉብጠቷ ላይ ሲደርስ ቆመ። የብስክሌት ፍሬን ካቦ ሞከረ፤ እሱም ቆመ።

«በውጭ በኩል ብትለጥፈውስ?» አለው አንድ ቀን የሆቴሉ ባለቤት አሸናፊ፣ በሩ ላይ ቆሞ።

«በሩ ሲዘጋ ይበላዋል። አየር ላይ ሆኖ ሽቦ ቢላጥ ምን እንደሚሆን አባትህ ነግረውሃል።»

 የአሸናፊ ስልክ ጠራ፤ እሱን እያነሳ ወጣ።

አውሮፕላኑን ያመጡት የአሸናፊ አባት ጋሼ ሀብተ ሥላሴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አዲስ አበባ የትልልቅ አውሮፕላን ሽቦ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ሌላው ቪላ በሚሠራበት ገንዘብ በሣጥን የሚመጣ፣ ገዢው ራሱ ገጣጥሞ የሚያበረው አውሮፕላን ገዝተው አገራቸው ላስታ ገቡ። ጭራው ቀድሞ መጣ፤ ክንፉ በሌላ ዓመት፤ አካሉ በአይሱዙ ተጭኖ በወልድያ፣ በጋሸና ዞሮ ደረሰ። የከተማው ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ለመደው። ደሳለ ያኔ የሆቴሉን መብራት የሚዘረጋ ኤሌክትሪሻን ነበር። ሽማግሌው ሲሠራ ቆመው አዩትና «እጅህ አይቸኩልም። ና ከኔ ጋር ሥራ» አሉት። ከዚያ ወዲያ ከሆቴሉ አምፖል የተረፈው ጊዜው ሁሉ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አለቀ። የፋይበር ግላሱ ብናኝ አንገቱን እያሳከከው፣ ሚስቱ ፀሐይቱ ሸሚዙን ለብቻ እያጠበችለት።

ጦርነቱ ላሊበላ የገባ ጊዜ ሽማግሌው አልጋ ይዘው ነበር። «አካሉን ከፈለጉ ይውሰዱት፤ ሞተሩን አድኑልኝ» አሉ። ደሳለ፣ የሆቴሉ ዘበኛ ወንዴና የፀሐይቱ ወንድሞች ሞተሩን ቃሬዛ ላይ አስተኝተው፣ ጋቢ አልብሰው፣ እንደ በሽተኛ ተሸክመው ወደ አሸተን ማርያም የሚወስደውን ዳገት ያዙ። መንገድ ላይ ያገኟቸው እናት ቃሬዛውን አይተው «እግዜር ይማረው» አሉ። እነ ደሳለም «አሜን» ብለው አለፉ። ሞተሩ በፀሐይቱ ወላጆች ግቢ ገለባ ተከምሮበት ከረመ። ከተማው ሲረጋ እንደዚያው ተሸክመው መለሱትና በእንጨት ሣጥኑ ውስጥ ሆቴሉ ዕቃ ቤት አስቀመጡት።

ጋሼ ሀብተ ሥላሴ ብዙ አልቆዩም። ሊሞቱ ሲሉ በአንድ እጃቸው የልጃቸውን፣ በሌላው የደሳለን እጅ ይዘው «እንዲበር» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። አሸናፊ «ይበራል አባዬ» አለ። ደሳለ እጃቸው ላይ ጎንበስ ብሎ አለቀሰ።

ከቀብሩ በኋላ ሽቦውን ብቻውን ቀጠለ። የሽማግሌው የድሮ ባልደረባ፣ አብራሪ የነበረ ሰው፣ «ሲያልቅ እኔ መጥቼ አነሳዋለሁ» ብሎ በስልክ ቃል ሰጥቶ ነበርና ለደሳለ ያ በቂው ነበር።

የምሰሶዋን መላ ያገኘው በአጋጣሚ ነው። ፀሐይቱ የሆቴሉ ዕቃ ቤት ኃላፊ ናት። አንድ ከሰዓት በኋላ የምንጣፍ አቧራ የሚመጥጠውን ማሽን እየጎተተች በአዳራሹ በር ስታልፍ አያት።

«ፀሐይቱ፣ እስቲ እሱን ማሽን ወዲህ አምጭው።»

«ምን ልታደርገው? እዚህ ምንጣፍ የለህ።»

«ነይማ፣ አሳይሻለሁ።»

ከልብስ ስፌት ክር ጫፍ ላይ የስፖንጅ ቁራጭ አሰረና በምሰሶዋ ታችኛው አፍ ከተተው። እሷ ወንበር ላይ ወጥታ የማሽኑን አፍ ጣሪያው ላይ ባለው ቀዳዳ ደገነች፤ ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ደፈኑት። ማሽኑ ሲጮህ ክሩ ከደሳለ ጣቶች መሀል መሮጥ ጀመረ። ጉብጠቷ ላይ ቆም አለ።  ክሩ ነቅነቅ አለና ደግሞ ሄደ፤ ወዲያው የማሽኑ ድምፅ ታፈነ።

«መጣ» አለች ፀሐይቱ። «እኔው ጋ ነው።»

በክሩ ሲባጎ ሳቡ፤ በሲባጎው ሽቦዎቹን። እሱ ከታች እየገፋ፣ እሷ ከላይ እየሳበች፣ «ቀስ፣ ቀስ» እየተባባሉ። ኮምፓሱ አጠገብ የሚያልፉትን ሁለቱን ሽቦዎች ግን መጀመሪያ መጎንጎን ነበረባቸው፤ ለየብቻ ከሄዱ የኮምፓሱ መርፌ ይስታል። ደሳለ ሊያሳያት ሲል እሷ ተቀብላው እንደ ሹሩባ እኩል አድርጋ ጎነጎነችው። ሽቦዎቹ ሁሉ ጣሪያው ላይ ብቅ ሲሉ ደሳለ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ እጁን ወደ ራስጌው ሰደደና ሳቀ። እንዲህ ከሳቀ ብዙ ጊዜው ነው። ፀሐይቱም ሳቀች። ወዲያው ግን ፊቷን አዙራ የማሽኑን ገመድ መጠቅለል ጀመረች። ደሳለ ልብ አላለውም።

ከዚያ በኋላ የቀረው የነዳጅ ፓምፑ ሽቦ ነበር። ይህቺኛዋ ከራስጌው ተመልሳ ወርዳ ሞተሩ ድረስ የምትዘልቅ ስለሆነች ርዝመቷ በግምት አይሆንም፤ ሞተሩ ላይ መለካት አለባት። ፀሐይቱ ለንግሥ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ወርዳ ስለነበር ደሳለ ሜትሩን ይዞ ትርፍ ቁልፍ ወደሚይዘው ወንዴ ሄደ።

«ወንዴ፣ ዕቃ ቤቱን ክፈትልኝ። ሞተሩ ላይ የምለካት ነገር አለች።»

ወንዴ ከተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ቀና ብሎ አየው። «የቱ ሞተር?»

«ስንት ሞተር አለን? የተሸከምነው ነዋ።»

«እሱማ በጥምቀት ሰሞን ወጥቶ የለ። ከአዲስ አበባ በመጡ ሰዎች መኪና ተጭኖ።» ወንዴ የደሳለን ፊት አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፀሐይቱ ናት ከፍታ ያስረከበቻቸው። አልነገረችህም እንዴ?»

ጥምቀት ካለፈ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ደሳለ «ቢሆንም ክፈትልኝ» አለ። ወንዴ ከፈተለት። ሣጥኑ የነበረበት ቦታ ላይ የቢራ ካሳዎች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። ሜትሩን ኪሱ ከተተና ወጣ።

አሸናፊ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካ ነበር። የደሳለን አረማመድ ሲያይ ነገሩ ገባው።

«ተቀመጥ» አለው።

«ሞተሩን ሸጥከው።»

«ተቀመጥ እንጂ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

አሸናፊ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፋው። «ሸጥኩት። እንግዳ የሚባል ጠፍቶ ሠራተኛ ልበትን ደርሼ ነበር። ሚስትህንም ጭምር።»

«እሺ ሽጠው፤ ያንተ ነው። እኔን ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ትተወው ነበር።»

«ብተወውስ?»

«ለማን ነው የሚበረው ደሳለ? ማን ፈቃድ ይሰጠናል? ያ አብራሪ እንኳ ስልክ ማንሳት ካቆመ ቆየ። ደግሞ በዚህ ጊዜ፣ ሰማይ ላይ አንድ ነገር ድምፅ ባሰማ ቁጥር ሰው ሁሉ እየሮጠ ቤቱ ይገባል። አንተ ራስህ አትገባም?»

ደሳለም ይገባል። ባለፈው ሳምንት እንኳ ቅዳሜ ገበያ መሀል ድምፁን ሰምቶ ከሰው ጋር ግድግዳ ሥር ተጠግቶ ነበር።

«እኔ ያሰብኩት» አለ አሸናፊ፣ ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጥሮት፣ «ክንፉን እንገጥምለትና እዚህ በረንዳው ጫፍ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ገደሉ አድርገን እናቆመዋለን። እንግዳው ገብቶ ይቀመጣል፣ መጠጡን ይጠጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ራስጌውን ሲነካ መብራቱ ቦግ ይላል። ሰው ፊልም ላይ ስላየው እሱን ይወዳል። ለገና ድረስልኝ።»

«አባትህ እንዲበር ነው ያሉት። አንተም ይበራል ብለሃቸዋል።»

«አባቴ እየሞተ ነበር። ለሚሞት ሰው ሌላ ምን ይባላል?»

«እኔስ? እኔም እየሞትኩ ነበር?»

አሸናፊ ወደ ገደሉ አየ። ቆይቶ «አንተማ ደስ ብሎህ ነበር» አለ።

ደሳለ ፀሐይቱን መንገድ ላይ ጠበቃት። ከንግሥ ከተመለሱ ሴቶች ጋር ነጠላዋን ተከናንባ ስትመጣ አየችው፤ ሴቶቹን አስቀድማ ወደ እሱ መጣች። ጎን ለጎን ሆነው ዳገቱን ጀመሩ።

«ዕቃ ቤት ገብቼ ነበር» አላት።

እርምጃዋ ተሰበረ። «ወንዴ ነው የከፈተልህ?»

«ለኔ ወንዴ። ለሰዎቹ አንቺ።»

ዳገቱን ጨረሱ። ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት። «አሸናፊ ‹ለደሳለ ከነገርሽው ሁለታችሁም እዚህ ሥራ የላችሁም› አለኝ። መጀመሪያ እሱን ፈርቼ ነው።»

«መጀመሪያ። ኋላስ?»

«ኋላማ...» የነጠላዋን ጥለት ጣቷ ላይ ጠመጠመች። «ከጦርነቱ ወዲህ ቤት ስትገባ ግድግዳ ነበር የምታየው። ብጠራህ አትሰማኝ። እህል ባቀርብ ቀዝቅዞ አነሳዋለሁ። ያንን ነገር እንደገና ስትጀምር ነው ሰው የሆንከው። እራት ላይ ስለ ሽቦ ታወራኛለህ። ምኑም አይገባኝ፤ ግን ታወራኛለህ። እሱን ልጣው?»

«ስለዚህ እንደ ሕፃን በጭቃ እጫወት ብለሽ ተውሽኝ።»

«እንዲያ አትበል።»

«ማሽኑን ስትደግኝልኝ ታውቂ ነበር። ሽቦውን ስትጎነጉኚልኝ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር» አለች። አላለቀሰችም፤ ማስተባበያም አልፈለገች።

ከሞተሩ መሸጥ ይልቅ ይህቺ ናት የደሳለን አንጀት የቆረጠችው። ብትዋሽ ኖሮ ይቆጣት ነበር፤ ቁጣው ይወጣለትና ያልፍ ነበር። አሁን ግን ያለፈው ዓመት እራት ሁሉ እየተመለሰ መጣበት። እሱ ፊቱ እየፈካ ስለ ፊውዝ ሲያስረዳት፣ እሷ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለች ስታጎርሰው። የቱ ጋ ነው ያዘነችለት? የቱ ጋ ነው የታከተችው? ፊቷን በየማዕዱ እያስታወሰ ሲፈልግ ከረመ፤ ምንም አላገኘም። ፊቷ ሁልጊዜ ያው ነበር።

ሆቴሉን ተወው። አሸናፊ ሰው ላከበት፤ አልሄደም። ከተማ ውስጥ የተቃጠለ ምድጃና የባጃጅ መብራት እየጠገነ ዋለ። ወንዴ አልፎ አልፎ እየመጣ ወሬ ያደርሰዋል፤ «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ይለውና ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ከወልድያ ውባንተ የሚባል ኤሌክትሪሻን መምጣቱን የነገረው እሱ ነው። ውባንተ የራስጌውን ሥራ በአንድ ቀን ጨረሰው። ምሰሶዋ ውስጥ ያለውን ሽቦ የተመለከተው ሰው አልነበረም። ጣሪያውን በትራፓኖ በስቶ ከበረንዳው ሶኬት የቤት ገመድ ስቦ፣ በውጭ በኩል በናስትሮ ለጥፎ አገናኘው። መብራቱ በራ። አሸናፊ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ገና ሲደርስ ከተማው በምዕመን ተጥለቀለቀ። እንግዳው እንደ ድሮው ባይሆንም ሆቴሉ ሞላ። ሰው ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ራስጌውን ሲያበራ፣ ሲያጠፋ የሚያሳይ ቪዲዮ በየስልኩ ዞረ። ቪዲዮው ላይ አሸናፊ ቆሞ «አባቴ ጀምሮት ያለፈ ነው። የሽቦውን ሥራ በሙሉ የሠራው የኛው ልጅ ደሳለ ነው» ይላል። በናስትሮ የተለጠፈው ገመድ ከኋላው እየታየ። ደሳለን መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ እጁን ይጨብጠዋል። «አየንህ፤ ጎበዝ ነህ» ይሉታል። መጀመሪያ «እኔ አይደለሁም» ሊል ሞከረ። ሰው ትሕትና መሰለው። ኋላ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለ ማለፍ ጀመረ።

ፀሐይቱ የንስሐ አባታቸውን አመጣች። አባ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም ሰሙና «ልጄ፣ አንተን ያተረፈች መስሏት ነው። ይቅር በላት» አሉት።

«ይቅር ብያለሁ አባ» አለ ደሳለ።

«ከልብህ?»

«ይመኑኝ አባ፣ ብያለሁ።»

ጉልበታቸውን ስሞ ተነሳ። ቤቱ ሰላም ሆነ። ደሳለ ሲመጣ ሰላም ይላታል፣ ያቀረበችውን ይበላል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። የዋለበትን ስትጠይቀው «ደህና ዋልኩ» ብሎ ይበቃዋል። ፀሐይቱ አንዴ ሁለቴ «የማን ምድጃ ነበር? ምኑ ተቃጥሎ ነው?» እያለች ወሬ ልትስበው ሞከረች። «ገመዱ ነው» አላት። ከዚያ እሷም ተወችው። ግድግዳውን ግን አያይም፤ እንደ ድሮው ቢያይ ይሻላት ነበር። እሱ አሁን የሚያየው ሳህኑን ነው።

በጥር፣ ሠርግ በበዛበት ሰሞን፣ ፀሐይቱ በቀን ከሆቴል እየሮጠች መጣች። ደሳለ ደጃፉ ላይ የሰው ቴፕ ፈትቶ ይሠራ ነበር።

«ራስጌው ሙሽራ ነዘረ» አለችው። «ፎቶ ልትነሳ ገብታ እጇን ስትሰድ። ክንዷ ደንዝዟል እንጂ ተርፋለች። አሸናፊ ‹ና በይልኝ› ብሎኛል።»

«ውባንተን ጥሩት።»

«መንገድ ተዘግቷል። ውባንተ ወልድያ ነው።» እንደ መሄድ ብላ ቆመች። «እንዲያው ለሰዉ ብለህ። ለኛ አይሁን።»

ደሳለ የቴፑን ክዳን ገጥሞ ብሎኖቹን አጠበቀ። ከዚያ ፒንሳውን፣ ካቻቪቴውንና ቴስተሩን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ተነሳ። አብረው ሄዱ።

አውሮፕላኑ በረንዳው ጫፍ ላይ ክንፉ ተገጥሞለት ቆሟል፤ ቢጫና ቀይ ቀብተውታል። ሠርገኞቹ ሄደዋል። ደሳለ ወንዴን ብሬከሩን እንዲያወርድ ነግሮት ጋቢናው ውስጥ ገባና የራስጌውን ክዳን ፈታ። እንዳሰበው ነው። ለባትሪ የተሠሩት የብረት ማብሪያዎች ላይ የቤት መብራት ተገናኝቶባቸዋል፤ አንዱ የተላጠ ገመድ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። የራሱ ሽቦዎች ከጥጉ እንደ ጥቅል ተኝተዋል፤ ቁጥራቸው ጫፋቸው ላይ እንደተጻፈ ነው። ከታች ባትሪ ቢያስቀምጥ ሰሌዳውን በነሱ አስነስቶ በሰላም ሊያስበራው ይችላል። ትንሽ አያቸው። ከዚያ ወደ ጥጉ ገፋ አደረጋቸውና የውባንተን ገመድ ቆርጦ አወጣ። የብረት ማብሪያዎቹን ምንም ኤሌክትሪክ እንዳይደርሳቸው አድርጎ ለያቸው። ለጣሪያው መብራት አዲስ ገመድ ስቦ ከበሩ አጠገብ እንደ መኝታ ቤት ያለ የፕላስቲክ ማብሪያ ገጠመና ክዳኑን መልሶ ዘጋ።

አሸናፊ መጥቶ አጠገቡ ቆመ። «ራስጌውስ አይሠራም?»

«አይሠራም።»

«ቢነኩት ምንም አይሆንም?»

«ምንም አይሆንም።»

አሸናፊ ራስጌውን አየት አድርጎ ሄደ። ፀሐይቱ በዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ደሳለ ዕቃውን ሲሰበስብ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ እንግዳ ብርጭቆውን ይዞ ቀረበና በመስኮቱ አጎንብሶ ወደ ውስጥ አየ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ነገር እውነት በሮ ያውቃል?»

«አይ» አለ ደሳለ። «ለመቀመጫ የተሠራ ነው።»

እንግዳው ሳቀና ልግባ እንደ ማለት በሩን ያዘ። ደሳለ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወረደለት፤ ወንዴንም ብሬከሩን አንሳው ብሎ ተጣራ።